መስኮቱ ከክብሪቱ በፊት

ባለቤቴ አያሌው ያን ቀን ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ተሳፋሪ ሳይዝ መጣ። መኪናዋን መጠለያዋ ሥር አቆማት፤ አልወረደም። መሪውን እንደ ያዘ ተቀመጠ።

«ምነው?» አልሁት።

«ጋሽ እንድሪስ ተቀበሩ።»

ሞቱ አላለኝም። ጠዋት ዐርፈው ከቀትር ሶላት በኋላ ተቀብረዋል። በሙስሊሞች ዘንድ አስከሬን አይቆይም፤ ሞቱንና ቀብሩን አንድ ላይ ሰማን። እኛ ጎረቤት ሲሞት ነጠላ አዘቅዝቀን ቀድመን የምንደርስ ሰዎች ነን። ለእርሳቸው አልደረስንም። ይኼን የምጽፈውም ለዚያ ሳይሆን አይቀርም፤ እግሬ ያልደረሰበት እጄ ይድረስ ብዬ ነው።

ጋሽ እንድሪስ ባሕር ዳር ውስጥ፣ ከጀልባ ማቆሚያው ብዙም ሳይርቅ፣ በአንዲት የቆርቆሮ ክፍል ባትሪ የሚጠግኑ ሽማግሌ ነበሩ። የጀልባውም፣ የጭነት መኪናውም፣ የጄኔሬተሩም ባትሪ በእርሳቸው እጅ ያልፋል። ቤተሰባቸው የወረታ ነጋዴ ነው፤ ወንድሞቻቸው ሁሉ ሱቅ አላቸው። «እርስዎስ ለምን አልነገዱም?» ብሎ ለጠየቃቸው ሰው መልሳቸው አንድ ነው፤ «ንግድ ምላስ ይፈልጋል። ለእኔ የተሰጠኝ አፍንጫ ነው።»

እውነትም አፍንጫ ነበራቸው። የሰው ቤት ሲመጡ ሰላምታ ከመስጠታቸው በፊት ደጃፉ ላይ ይቆማሉ። አንገታቸውን ትንሽ ቀና አድርገው አየሩን ይስባሉ። «እንደምን ዋላችሁ» የሚሉት ከዚያ በኋላ ነው። የማያውቃቸው ሰው ወጡን የሚያሸቱ ይመስለዋል። ሱሪያቸውና ሸሚዛቸው አሲድ የበላው፣ ትናንሽ ቀዳዳ የሞላበት ነው። ልጄ ቤዛዊት አንድ ቀን «ልብስዎን አይጥ በላብዎት?» ብትላቸው፣ «አይ ልጄ፣ ነፋሻ እንዲሆን ነው። ባትሪ ያለበት ሁሉ ነፋሻ መሆን አለበት» አሏት።

ጓንታቸውንና መነጽራቸውን ሳያደርጉ ባትሪ አይከፍቱም። አንድ ጊዜ መጠገኛ ክፍላቸው በር ላይ ቆሜ አንድ የጀልባ ነጂ ሲያፌዝባቸው ሰማሁ። «ጋሽ እንድሪስ፣ ባትሪ ነው ወይስ ሙሽራ? ይኼ ሁሉ ሽር ጉድ!»

«ሙሽራ ብትሆን ፊቷን እገልጥ ነበር» አሉት ቀና ሳይሉ። «ይቺ ግን ፊቴን ነው የምትልጠው።»

እኛን ከእርሳቸው ጋር ያገናኘችን መኪናዋ ናት። አያሌው ሐይቁ ዳር ባለ አንድ ሎጅ ሾፌር ነበር። ሥራው እንግዶችን ከበሩ እስከ ጀልባው ማድረስ ነው፤ የሚያደርስባትም የጎልፍ መኪና የሚሏት፣ በባትሪ የምትሄድ፣ ጎንና ጎኗ ክፍት የሆነች መኪና ነበረች። እንግዳ እየጠፋ ሄደና ሎጁ ተዘጋ። ባለቤቱ ደግ ሰው ናቸው፤ ሲሰነባበቱ «በእጅህ የኖረች ናት፣ ውሰዳት» ብለው ሰጡት። ወደ ሰፈራችን ወደ ዘንዘልማ ይዟት መጣ። ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ የሚገባው መንገድ ኮረት ነው፤ ባጃጆቹ አይወዱትም። እርሷ ቀስ ብላ ትሄድበታለች። ጆንያ የያዘውን፣ ነፍሰ ጡሯን፣ እሑድ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን መሳለም ፈልገው እግራቸው እንቢ ያላቸውን ሽማግሌዎች ትጭናለች። ድምፅ ስለሌላት ሰፈርተኛው ይቀልዳል።

«አያሌው፣ ፈረሱን የት ጣልኸው?»

«ተኝቷል፣ አትቀስቅሱብኝ» ይላል እርሱ። የምንኖረው በእርሷ ነው።

ቤታችን አንድ ትልቅ ክፍልና አንዲት ትንሽ ጓዳ ነው። ትልቁ ክፍል ለሱቅ ተብሎ የተሠራ ስለሆነ ሁለት ተካፋች የብረት በር አለው፤ መኪናዋ በዚያ ትገባለች። ሌባ እንፈራ ነበር። ስለዚህ ማታ ማታ እናስገባታለን፣ በሩን እንቆልፋለን፣ ለትንኝ ብለን መስኮቱን እንዘጋለን፣ ቻርጀሩን እንሰካለን። በመጋረጃ በከለልነው ጥግ የቤዛዊት አልጋ አለ። በምሥራቁ ግድግዳ ላይ፣ ከፍ ብላ፣ ከእናቴ የወረስኋት የእመቤታችን ሥዕል ተሰቅላለች። ከሥሯ ባለችው መደርደሪያ ላይ ጧፍ አበራና ቤዛዊትን ከአጠገቤ አቁሜ ውዳሴ ማርያም አደርሳለሁ። ከኋላችን ቻርጀሩ እንደ ንብ ያጉረመርማል። እኔም በልቤ ተመስገን እላለሁ፤ ልጄም፣ እንጀራዬም፣ ሥዕሌም በአንድ ጣሪያ ሥር ናቸው እያልሁ።

ቤዛዊት ያኔ ስምንት ዓመቷ ነበር። ማሳል ጀመረች። ደረቅ ሳል ነው፤ ጠዋት ይብስባታል፣ ትምህርት ቤት ስትውል ይሻላታል። ጤና ጣቢያ ሽሮፕ ሰጡን። ጠበል ወሰድኋት። ወንዛዬ ፍል ውሃ ውሰጃት ያሉኝም ነበሩ። ሌሊቱን ሙሉ ስታስል አድራ ትምህርት ቤት ስትሄድ ዓይኗ ቀልቶ ነው። ቤታችን ደግሞ ሽታ ነበረው፤ የተበላሸ እንቁላል የሚመስል። የሞተ አይጥ ነው ብዬ ቁም ሣጥኑን ስንት ጊዜ ከቦታው አነሣሁ። ሽታውንና ሳሉን አንድ ላይ አላሰብኋቸውም።

መኪናዋ ዳገት ላይ መድከም ስትጀምር አያሌው ጋሽ እንድሪስን ለምኖ አመጣቸው። ዐቢይ ጾምና ረመዳን የገጠሙበት ጊዜ ነበር፤ ዕለቱ ቅዳሜ። በዚያ ፀሐይ መጥተው ውሃ እንኳ ላቀርብላቸው አልቻልሁም። ሁለታችንም ጾመኞች ነን።

መኪናዋ ግቢው ውስጥ ቆማለች። መቀመጫዋን አንሥተው ስድስቱን ባትሪዎች ገለጧቸው። እኔም ለማየት ጎንበስ አልሁ።

«ልጄ፣ መስቀልሽን ወደ ውስጥ አግቢው» አሉኝ።

ፊቴ ተለወጠ። በማዕተቤ ላይ የብር መስቀል አለችኝ። በሕይወቴ ደብቂው ያለኝ ሰው የለም።

«መስቀሌ ምን አደረገዎት?» አልኋቸው።

አያሌው ደነገጠ። እርሳቸው ግን አልተቆጡም። ጓንታቸውን አውልቀው ግራ እጃቸውን ዘረጉልኝ። የቀለበት ጣታቸው ዙሪያውን የነጣና የተጨማደደ ጠባሳ አለበት።

«ይኼ የሠርጌ ቀለበት ነው» አሉኝ። «በወጣትነቴ ባትሪ ስፈታ ከመፍቻው ጋር ተነካካ። ወዲያው እንደ ፍም ቀላ። ቀለበቱ ተቆርጦ ወጣ፤ ቦታው ቀረ።» ከዚያ ኪሳቸውን ገለጥ አድርገው አሳዩኝ። ሰዓታቸውን ሥራ ሳይጀምሩ አውልቀው ከጸሎት መቁጠሪያቸው፣ ከሙስበሃቸው ጋር ከተውታል። «አውልቂው አላልሁሽም። ከልብስሽ ሥር፣ ከደረትሽ ጋር ይሁን። እዚያ ባትሪው አያገኘውም።»

አፈርሁ። መስቀሌን ወደ ውስጥ አስገባሁት።

ስድስቱን ባትሪዎች በእጃቸው ጀርባ አንድ በአንድ ዳሰሷቸው። እኛ እናቶች የልጅ ትኩሳት የምናየው እንደዚያ ነው። አራተኛዋ ላይ እጃቸው ቆየ።

«ይቺ ታማለች። ኤሌክትሪኩን ትበላለች፣ አትጠግብም። እርሷ እስክትጠግብ ሌሎቹም ያለ ልክ ይበላሉ።» ክዳኗን ከፍተው ወደ ውስጥ ተመለከቱ። «ምን ውሃ ነው የምትጨምሩባት?»

«የቧንቧ» አለ አያሌው።

«እናንተ የሐይቅ ዳር ሰዎች ውሃ ሁሉ አንድ ይመስላችኋል። የቧንቧው ለሰው ነው፤ ጣና ለዓሣ ነው። ለባትሪ የባትሪ ውሃ አለ።» ቀና አሉ። «የት ነው የምትሞሏት?»

ወደ ክፍሉ መራኋቸው። እንደ ልማዳቸው ደጃፉ ላይ ቆሙ። ሁልጊዜ አንድ ጊዜ ነው የሚያሸቱ፤ ያን ቀን ሁለት ጊዜ አሸተቱ።

«እዚህ ማን ይተኛል?»

«ልጄ ናት።»

«ታስላለች?»

ማንም አልነገራቸውም። «በምን አወቁ?» አልሁ።

«እኔም አስላለሁ» አሉኝ።

ገብተው ዙሪያውን አዩ። ዓይናቸው ከሥዕሏ በላይ ኮርኒሱ ላይ ቆመ። መዳፍ የሚያክል ጥላሸት አለበት።

«ይኼ ጥቁር ምንድን ነው?»

«የጧፍ ጭስ ነው።»

«መቼ ታበሪያለሽ?»

«ማታ፣ ጸሎት ስናደርስ።»

«መኪናዋ እዚህ ተሰክታ?»

«አዎ።»

ጋሽ እንድሪስ የቤዛዊት አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ጾሙ አደከማቸው ብዬ ደነገጥሁ።

«ባትሪ ሲበላ ያገሳል» አሉ ቀስ ብለው። «ይኼ የሚሸታችሁ ከታመመችው ባትሪ ነው። የልጅቱን ደረት የሚፍቃትም እርሱ ነው። ግን የምፈራው የሚሸተውን አይደለም። የማይሸት ግሳት አለ። ቀላል ነው፣ ወደ ላይ ይወጣል። በርና መስኮቱ ከተዘጋ ኮርኒሱ ሥር ይጠራቀማል። ክብሪት ሲያገኝ…» ሁለት መዳፋቸውን ገጥመው በድንገት ከፈቷቸው። ድምፅ አላወጡም።

ሥዕሏን አየሁ። መደርደሪያዋን አየሁ፤ ከኮርኒሱ አንድ ክንድ አትርቅም። በየማታው ክብሪቱን የምጭር እኔ ነኝ። ለጌጥ አይደለም፣ ለጸሎት ነው። ልጄንም ከአጠገቤ የማቆማት እኔው ነኝ።

«እመቤቴ ጠብቃናለች» አልሁ።

«መርየም ጠብቃችኋለች» አሉ ጋሽ እንድሪስ። «እንግዲህ ሥራ አናብዛባት።»

ቀጥለው ጧፉን ተይው የሚሉኝ መስሎኝ ነበር። ምን ብዬ እንደምመልስም እያሰብሁ ነበር። እርሳቸው ግን ሌላ ጠየቁኝ።

«ከሥዕሏና ከመኪናዋ እዚህ ቤት ቀድማ የገባች የትኛዋ ናት?»

«ሥዕሏ። የእናቴ ናት።»

«እንግዲያው የምትወጣው መኪናዋ ናት።»

አያሌው ይኼን ሲሰማ ጣልቃ ገባ። «ጋሽ እንድሪስ፣ ውጭ ከዋለች ካደረች ባትሪዋን ፈትተው ይወስዱብኛል። ደግሞ ነገ እሑድ ነው። ዛሬ ካልሞላች ሽማግሌዎቹን ማን ያደርሳቸዋል? ዛሬን ብቻ ትደር፤ ከነገ ወዲያ እናወጣታለን።»

«አንተ አያሌው፣ ባትሪ ቢሰረቅ…» አሉና አልጨረሱትም። የተቀመጡበትን አልጋ በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት። ከመዳፋቸው ሥር የቤዛዊት ብርድ ልብስ አለ።

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ብዙ አልናገርም። እንዲህ ያለውን ነገር የሚወስን አያሌው ነው። ያን ቀን ግን ሄጄ ቻርጀሩን ከግድግዳው ነቀልሁትና አያሌው እጅ ላይ አኖርሁት።

«ትውጣ» አልሁ። «ሽማግሌዎቹን ደግፈን እናደርሳቸዋለን።»

በማግስቱ ደግፈን አደረስናቸው። አንዲት አሮጊት በአያሌው ክንድ ተንጠልጥለው «ፈረሱ ሞተ እንዴ፣ ልጄ?» እያሉ መንገዱን ሁሉ ያስቁን ነበር።

ጋሽ እንድሪስ ያን ቅዳሜ ሲሄዱ ባዶ እጃቸውን ልሰዳቸው አልሆነልኝም። ምን ልስጣቸው? የእኛን ሥጋ እርሳቸው አይበሉም፤ የእርሳቸውን እኛ አንበላም። ግን ጾም ነው። ቤት ያለው ሥጋ የሌለበት ነው። ለራታችን ያዘጋጀሁትን የሽምብራ ዓሣ በሣህን ሸፍኜ፣ ለማፍጠሪያዎ ብዬ ሰጠኋቸው። ክዳኑን አንሥተው ከሽምብራ ዱቄት የተቀረጹትን ዓሣዎች አዩ።

«ጣና ዳር ተቀምጠሽ የዱቄት ዓሣ?» አሉኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ስቀው አየኋቸው። ሣህኑ በሦስተኛው ቀን ታጥቦ፣ ተምር ተሞልቶ ተመለሰ።

ያን ጊዜም የመጡት ባዶ እጃቸውን አልነበረም። አራተኛዋን የሚተካ ባትሪ ከጓደኛቸው አፈላልገው አምጥተው ነበር። ከአያሌው ጋር ሆነው በአጥሩ ጥግ መጠለያ ሠሩ። ግድግዳው የሽቦ ወንፊት፣ በሩ ሰንሰለትና ቁልፍ ያለው ነው። ጣሪያውን ከወንፊቱ አንድ ክንድ ከፍ አደረጉት። «ይኼ ክፍተት የግሳቱ በር ነው። ማንም እንዳይዘጋው» አሉ። ከመጠለያው አጠገብ ንጹሕ ውሃ የተሞላ ጀሪካን አስቀመጡ።

«ለእሳት ነው?» አልኋቸው።

«ለዓይን ነው። አሲድ ዓይን ውስጥ ከገባ ወደ ሐኪም ከመሮጣችሁ በፊት እጠቡ። ብዙ እጠቡ። ከዚያ ሩጡ።»

መኪናዋም ከዚያ ወዲህ ሰው ተኝቶ ሳለ አትሞላም። አያሌው ጠዋት ይሠራል፣ ቀን ላይ ይሰካታል፣ ማታ ገበያው ሲበተን እንደገና ይወጣል። «ሰው ድስት እሳት ላይ ጥዶ አይተኛም፤ ባትሪም ያው ነው» ብለውታል። ክዳኑን ሲከፍት መነጽርና ጓንት ያደርጋል። የባትሪ ውሃ የሚጨምረው መኪናዋ ኤሌክትሪኩን ሞልታ ካበቃች በኋላ ነው። ባትሪው ውስጥ ያሉት የእርሳስ ዝርግ ብረቶች ደርቀው ከታዩ ብቻ ቀድሞ ጥቂት ያቀምሳታል።

ስለ ሶኬቱ ሥርዓት ግን ቤዛዊትን ነው የመረጡ። ቁጭ ብለው አስተማሯት።

«እሳት የሚነሣው ሲገናኙና ሲለያዩ ነው፤ እንደ ሰው። ስለዚህ ሲገናኙ መጀመሪያ ከመኪናዋ፣ ከዚያ ከግድግዳው። ሲለያዩ መጀመሪያ ከግድግዳው፣ ከዚያ ከመኪናዋ። መብራት ከሄደም ከግድግዳው ይነቀላል፤ ሲመለስ ተቆጥቶ ነው የሚመለሰው። ገባሽ?»

«ግድግዳው መጨረሻ ይመጣል፣ መጀመሪያ ይሄዳል» አለች። «እንደ ኩሩ እንግዳ።»

«እንደ ኩሩ እንግዳ!» አሉና ሳቁ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠባቸው። ሳላቸው ሲያበቃ «አንች አትነኪም ታዲያ። የአንች ሥራ አባትሽ ሲሳሳት መጮህ ነው» አሏት። ትጮሃለች። እስከ ዛሬ ድረስ ትጮሃለች።

የቤዛዊት ሳል ከፋሲካ በፊት ቆመ። በየትኛው ቀን እንደ ቆመ አላውቅም። አንድ ጠዋት ጸጥታው ቀሰቀሰኝ። ተነሥቼ ትንፋሿን አዳመጥሁ። ንጹሕ ነው።

የመጨረሻውን ጊዜ ባለፈው ክረምት መጡ። ዝናቡ በርትቶ የመኪናዋን መቀመጫ ስላራሰበት አያሌው ያንን የጣሪያ ክፍተት በማዳበሪያ ጆንያ ጠቅጥቆት ነበር። እኔም አይቻለሁ፤ ቆርቆሮ እስኪገዛ ነው ብዬ ዝም አልሁ። ጋሽ እንድሪስ ይህን ከማን እንደ ሰሙ አላውቅም። አንድ ተሳፋሪ ነግሯቸው ይሆናል ይላል አያሌው። ታመው መተኛታቸውን ሰምተናል። በዚያ ዝናብ በባጃጅ መጡ። ግቢው መሐል ሁለት ጊዜ ቆመው ትንፋሽ ሰበሰቡ። ማንንም አልተቆጡም። በርጩማ ጠየቁኝ፣ ወጡበት፣ አያሌው ሊይዛቸው ሲል በክርናቸው ገፋ አድርገውት ጆንያዎቹን አንድ በአንድ መዝዘው ጣሏቸው።

«ዝናቡ ይገባል እኮ፣ ጋሽ እንድሪስ» አለ አያሌው አፍሮ።

«ይግባ» አሉት። «ዝናብ ይደርቃል።»

ከዚያ ወደ ትልቁ ክፍል ደጃፍ ሄደው ቆሙ። አንገታቸውን ቀና አድርገው አሸተቱ። ለማሽተት እንኳ ትንፋሹ አላደርስ እያላቸው ነበር። ወደ እኔ ዞረው ራሳቸውን ነቀነቁ። ደኅና ነው ማለታቸው ነው። ሻይ እስኪፈላ አልጠበቁኝም።

ለለቅሶ ስንሄድ ሚስታቸው ወይዘሮ ዘሐራ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው። አያውቁኝም። አያሌው የዘንዘልማ ሰዎች ነን ብሎ ነገራቸው።

«የባትሪዋ ቤት?» አሉ። ከዚያ ቤዛዊትን አዩዋት። አሥራ ሁለት ዓመት ሆኗታል፤ ቁመቷ ከትከሻዬ አልፏል። «ይቺ ናት ታስል የነበረች?»

«አዎ» አልሁ።

እጇን ይዘው ወደ ራሳቸው ሳቧት። «እርሳቸው ሠላሳ ዓመት አሳሉ፤ ሳሉም ነው የወሰዳቸው። ሲብስባቸው እኔ አለቅሳለሁ። እርሳቸው ‹የዚያች ልጅ ግን ቆሞላታል› ይሉኝ ነበር» አሉ። ቤዛዊት እጇን አላስለቀቀቻቸውም። እስክንነሣ ድረስ አጠገባቸው ተቀመጠች።

ጧፌን ዛሬም በዚያው መደርደሪያ ላይ ነው የማበራው። ሥዕሏ ካለችበት አልተነሣችም። መኪናዋ ከዚያ ክፍል ከወጣች አራት ዓመት ሆናት። ቢሆንም ክብሪቱን ከማንሣቴ በፊት ሄጄ መስኮቱን እከፍታለሁ።

«እማዬ፣ ባትሪው እኮ ውጭ ነው» ትለኛለች ቤዛዊት። «ትንኙ ይገባል።»

«ይግባ» እላታለሁ።

ከሐይቁ በኩል የሚመጣው ነፋስ መጋረጃውን ሲያነሣው ቆሜ የሞቱብኝን እጠራለሁ። እናቴን፣ አባቴን፣ ከእነርሱ ቀጥሎ ጋሽ እንድሪስን። የእርሳቸውን ስም መጥራት ይገባል ወይ ብዬ የንስሐ አባቴን አልጠየቅሁም። ስማቸውን ከጠራሁ በኋላ ክብሪቱን እጭራለሁ።